ከጎርፉ በኋላ ጉድጓዶቻችንን ላከሙልን በጎ ፈቃደኛ የውሃ ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ጎርፉ አካባቢያችንን አጥለቅልቆ ካለፈ በኋላ ብዙ ሰዎች መጥተው ጠይቀውናል፤ ብርድ ልብስ ያመጡልንንም ሆነ ጭቃውን አብረውን የጠረጉትን ሁሉ በማኅበረሰቡ ስም አመሰግናለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ስለ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ነው። በጡረታ ላይ የሚገኙ የውሃ ቴክኒሻን ናቸው። ስድስት ቀን አብረውን ቆይተው በጎርፍ የተበከሉትን ዘጠኝ የእጅ ጉድጓዶች አንድ በአንድ መርምረው ስምንቱን ለአገልግሎት አብቅተውልናል፤ ለዚህም አበል አልጠየቁም። ስለ ዘጠነኛው ኋላ እመለስበታለሁ።

እርሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ቡድን መጥቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሁሉም ጉድጓዶች ውስጥ ክሎሪን በግምት ጨምሮ ሄዶ ነበር። ውሃው ለቀናት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ስለነበረው ሰዉ ወደ ደፈረሰው ወንዝ ተመለሰ፤ ሽታው ሲጠፋ ደግሞ ውሃው የጠራ መስሎን መጠጣት ጀመርን፤ ብዙም ሳይቆይ ሕፃናቱን ተቅማጥ ያዛቸው። ባለሙያዋ ይህን ሲሰሙ ማንንም አልወቀሱም። ክሎሪን በጭቃማ ውሃ ላይ ሲጨመር ጀርሞቹን ከመግደሉ በፊት ከጭቃውና ከበሰበሰው ነገር ጋር ሲታገል ኃይሉ እንደሚያልቅ፣ ስለዚህም ጉድጓዱ ሳይጸዳ መድኃኒቱን መጨመር ትርፉ ሽታ ብቻ እንደሆነ አስረዱን።

ሥራቸውን የጀመሩት በገመድ ነው። ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው ወደ ጉድጓዱ ከለቀቁ በኋላ አውጥተው እርጥብ የሆነውን ክፍል በሜትር ይለኩታል፤ ከዚያ የጉድጓዱን ስፋት ይለኩና በደብተራቸው ላይ ያሰላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ተጠምቶ ሳለ በዚህ ልኬት ጊዜ የሚያባክኑ መስሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ሂሳቡን አብሬያቸው ስሠራ ነው፦ አንድ ሜትር ስፋትና ሦስት ሜትር የውሃ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ 2,350 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ 100 ሊትር 0.2 በመቶ ክሎሪን ያለው ብጥብጥ አንድ ሊትር ስለሚያስፈልግ በጠቅላላው 24 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ይህም 5 በመቶ ጥንካሬ ያለውን አንድ ሊትር በረኪና በ24 ሊትር ውሃ በመበጥበጥ የሚገኝ ነው። ቀድሞ የመጣው ቡድን በአንዱ ጉድጓድ ውስጥ ምን ያህል እንደጨመረ ግን ዛሬም የሚያውቅ የለም።

መድኃኒቱ ከመጨመሩ በፊት ወጣቶቻችን የደፈረሰውን ውሃ በባልዲ ቀድተው አወጡ፤ ጭቃውን ጠርገውም ግድግዳውን በክሎሪን ብጥብጥ በብሩሽ ፈገፈጉ። አዲስ ውሃ ሲሞላ የተለካው መጠን ተጨምሮ ሌሊቱን ከድነን አሳደርነው፤ በማግስቱም ሽታው እስኪቀንስ ድረስ ውሃውን እየቀዳን ደፋን። ባለሙያዋ በመጨረሻ ከኪሳቸው አንዲት የመስታወት ቱቦ አውጥተው ከውሃው ሞሉና በውሃው ውስጥ የቀረውን ክሎሪን በቀለም የምታሳየውን፣ ዲፒዲ የምትባለውን ክኒን ከጨመሩባት በኋላ ወደ ሰማዩ ብርሃን አንስተው አዩአት። ውሃው ቀስ እያለ ሮዝ ቀለም አመጣ። ቀለሙን ከመለኪያው ጋር ሲያስተያዩት በሊትር 0.4 ሚሊግራም ክሎሪን ሆነ፤ የሚፈለገው ደግሞ ከ0.2 እስከ 0.5 ነው። በቀደመው ሽታ የተማረሩ አንዲት እናት ይህን ውሃ በፍጹም አልቀምስም ባሉ ጊዜ ክርክር አልገጠሟቸውም፤ ቱቦዋን ሰጥተው ክኒኗን ራሳቸው እንዲጨምሩና ቀለሙን ራሳቸው እንዲያነቡ አደረጓቸው። እኚያ እናት ዛሬ ከእኛ ይልቅ ጠያቂ ሆነዋል፤ የጠዋቱ ልኬት ስንት እንደሆነ ሳይሰሙ ጀሪካናቸውን አያስሞሉም።

ዘጠነኛው ጉድጓድ የእኛ ቤት ነበር። አባቴ የቆፈረው ጉድጓድ ሲሆን ለጎረቤትም የሚተርፍ ውሃ ነበረው። ባለሙያዋ ግን ከበላዩ ካለው ሽንት ቤት ያለውን ርቀት ሲለኩ 14 ሜትር ብቻ ሆኖ አገኙት፤ በሰብዓዊ ዕርዳታ ሥራ የሚታወቀው የስፊር መመሪያ ደግሞ ቢያንስ 30 ሜትር ይጠይቃል። ክሎሪን ጨምረው እንዲያልፉት ለመንኳቸው፤ ትንሽም ተቆጣሁ። «ክሎሪኑ የዛሬውን ውሃ ያክማል፤ ነገ ከላይ የሚሰርገውን ግን አያስቆምልህም» አሉኝና ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም «ለመጠጥ አይሆንም» ብለው ጻፉበት። ያን ዕለት ቅር ብሎኝ ነበር፤ ስለዚህ ምስጋናዬ በአደባባይ እንዲሆን ፈለግሁ።

ሲሄዱ መለኪያውንና የተረፉትን ክኒኖች ካሠለጠኗቸው ሁለት ወጣቶች ጋር ትተውልን ሄዱ፤ ልጆቹም በየጠዋቱ ልኬቱን በደብተር ላይ ይመዘግባሉ። በጎርፍ ወይም በመሬት መንሸራተት የውሃ ምንጫቸው የተበላሸባቸው ማኅበረሰቦች ሁሉ እኚህን ባለሙያ ቢጋብዙ እንደማይቆጩ በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ፣ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ መልእክታችሁን አደርስላችኋለሁ። ከመምጣታቸው በፊት ግን የጉድጓዶቻችሁን ብዛት፣ የየአንዳንዱን ስፋትና ከሽንት ቤት ያለውን ርቀት ለክታችሁ ጠብቋቸው፤ ቢያንስ አንድ ረጅም ገመድና አንድ የመለኪያ ሜትር አዘጋጁ። እኛ ይህን ባለማድረጋችን የመጀመሪያው ቀን እኩሌታ ሜትር ፍለጋ በመዞር አልፏል።