ብቻዬን በካምፐር ቫን፦ ፎልክስቫገን ካሊፎርኒያ ለአንድ ሰው ይሆናል?

ካምፐር ቫን ማለት አልጋና ኩሽና ያለው ቫን ነው። የተከራየሁት የፎልክስቫገኑ ካሊፎርኒያ ኦሽን ነው፣ ቲ 6.1 የሚባለው ሞዴል። ከሙኒክ ተነስቼ በኦስትሪያ አቋርጬ ስሎቬኒያ ገባሁ፣ ከዚያ በጣልያን በኩል ተመለስኩ። ብቻዬን። ያወቀ ሁሉ «ሌሊት አትፈሪም እንዴ?» ነበር የሚለኝ። መኪናውን ያስመረጠኝም ይኸው ጥያቄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ብቻውን ለሚተኛ ሰው ከሻወርም ከሰፊ አልጋም የሚበልጥ ነገር አለ፦ ከተኛበት ተነስቶ፣ በር ሳይከፍት፣ መሪው ጋ መድረስ። እዚህ መኪና ውስጥ ይቻላል። የሆነ ሰው መስኮት ቢያንኳኳ ወይም ቦታው ካላማረሽ ቁልፍ አዙሮ መሄድ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ኪራይ ቤቶች በፎቶ የሚያሳዩት ያ የሚያምረው አልጋ ላይኛው ነው፣ ጣሪያው ወደ ላይ ሲነሳ የሚገኘው። ጣሪያው ተነስቶ ደግሞ መንዳት አይቻልም። ስለዚህ ካምፒንግ ግቢ ውስጥ ካልሆንኩ በቀር ጣሪያውን ዘግቼ ታች ነው የምተኛው። ከውጪ ለሚያየው ተራ ቫን ነው፣ ውስጡ ሰው መኖሩም አያስታውቅም። ዋጋው ግን አለ፦ ቀጥ ብሎ መቆም የለም፣ ሱሪ መልበስ ራሱ ስፖርት ነው፣ የኋላውን ወንበር ደግሞ ማታ ማታ አልጋ አድርጎ ጠዋት ወደ ቦታው መመለስ ግድ ነው።

ሁለተኛው ጥሩ ነገር ትንሽነቱ። ርዝመቱ 4.90 ሜትር፣ ከፍታው 1.99 ሜትር ነው። ሱፐርማርኬት በር ላይ እንደማንኛውም መኪና ይቆማል። ጥቅሙ በደንብ የገባኝ ስሎቬኒያ ውስጥ ቭርሺች የሚባለውን የተራራ መንገድ ስወጣ ነው። 50 የእባብ ኩርባ አለው፣ ጫፉ 1611 ሜትር ነው፣ ክራንስካ ጎራ በምትባለው ከተማ በኩል ያሉት ኩርባዎች ደግሞ ድንጋይ ንጣፍ ናቸው። መንገዱን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሩት የሩስያ ምርኮኞች ናቸው። በበረዶ ናዳ ላለቁት መታሰቢያ የተሠራች ትንሽ የእንጨት ቤተ ጸሎት መንገዱ አጠገብ አለች፣ ቁሙና እዩዋት። ሊማሊሞን በአውቶቡስ የወጣ ሰው ይህን መንገድ አይፈራም፣ ግን በትልቅ ሞተርሆም (ቤት በሚያክለው መኪና) ብሆን ኖሮ ከፊቴ የሚመጣውን እያየሁ ላብ በላብ ነበር የምሆነው።

ኩሽናው ለአንድ ሰው በቂ ነው። ሁለት ማብሰያ ያለው የጋዝ ምድጃ፣ ከላይ የሚከፈት 42 ሊትር ፍሪጅ፣ 30 ሊትር ንጹሕ ውሃ። ሽሮ ይሠራል፣ ቁሌት ግን ውጪ ካልሆነ አትሞክሩት፣ የሽንኩርቱ ሽታ መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ከመኪናው ጋር ድንበር ይሻገራል። ጀበና ምድጃው ላይ ትወዛወዛለች፣ እጄን ሳላነሳ ይዤያት ነው ያፈላሁት። ሁለት ታጣፊ ወንበሮች የኋላው በር ውስጥ፣ ጠረጴዛው ደግሞ ተንሸራታቹ በር ውስጥ ተደብቀዋል። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ!

አሁን ወደ ጉዱ። ሽንት ቤት የለውም። ሻወሩም ከኋላ በኩል የሚገጠም ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ የጉዞውን መስመር የሚወስነው እሱ ነው። የት ልደር፣ ስንት ሰዓት ልነሳ፣ ማታ ሻይ ልጠጣ ወይስ ይቅርብኝ፣ ሁሉም ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። እንዳሻችሁ ጫካ አጠገብ ማደርም አይታሰብ፣ ለምሳሌ ስሎቬኒያ ውስጥ ባለው ትሪግላቭ ብሔራዊ ፓርክ ከተፈቀደ ካምፒንግ ውጪ መኪና ውስጥ ማደር ክልክል ነው። እኔ አንድ ቀን ካምፒንግ፣ በማግስቱ ለካምፐር የተፈቀደ ማቆሚያ እያልኩ አለፍኩት። ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ጨምረው የሚያከራዩ አሉ፣ ጠይቁ።

የመንገድ ክፍያውን ቀድማችሁ አስቡት። በኦስትሪያና በስሎቬኒያ አውራ ጎዳና ለመንዳት ቪኜት የሚባለውን፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ የሚያገለግል የመንገድ ክፍያ ማረጋገጫ፣ መግዛት አለባችሁ። ኦስትሪያ ውስጥ ብሬነርና ታወርን የሚባሉት የአልፕስ ተራራ አውራ ጎዳናዎች ደግሞ ለብቻቸው ያስከፍላሉ። ስዊዘርላንድ የአጭር ጊዜ ቪኜት የላትም፣ የዓመቱን 40 ፍራንክ ነው የምትቀበለው፣ እሷን ዘለልኳት። ጣልያን ብዙውን ቦታ በርቀት ያስከፍላል። የከተሞቿ መሃል ደግሞ በካሜራ የሚጠበቅ ክልክል ክልል አለው፣ ቀይ ክብ ያለበትን ምልክት ስታዩ አትግቡ፣ መኪናውን ውጪ አቁማችሁ በእግር ሂዱ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ፦ ፓስፖርቱንም የመኖሪያ ፈቃዱንም ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ሼንገን ነው፣ በአገሮቹ መካከል የድንበር ፍተሻ የለም ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ጀርመን ከፈረንጆቹ 2015 ጀምራ በኦስትሪያ ድንበር ላይ ትፈትሻለች። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ በሌሎቹ የሼንገን አገሮች የሚያስቆየው በየ180 ቀኑ ውስጥ 90 ቀን ነው። ጀርመን መኖር ከጀመራችሁ ስድስት ወር ካለፈ ደግሞ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ አያስነዳችሁም፣ ፈተና ወስዳችሁ የእነሱን ማውጣት አለባችሁ።

የኪራይ ድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ግን አናዶኛል። መኪናው ንጹሕ ነበር፣ ያስረከበኝም ልጅ ጨዋ ነው። ስመልስ ግን ከኋላ መከላከያው ላይ ጭረት አገኘን ብለው ከመያዣው ገንዘብ ሊቆርጡ ተነሱ። ስረከብ ዙሪያውን በቪዲዮ ስለቀረጽኩት አሳየኋቸው፣ ዝም አሉ። የጽዳት ብለው ግን ቆረጡ። ውሉ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፣ የቆሻሻ ውሃው ጋን ባዶ ካልሆነ ይከፈላል። ጋኑ ባዶ ነበር፣ ጠረን አለው አሉኝ!

ለአንድ ሰው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ለሁለትም ይሆናል፣ ከተዋደዱ። አራት ሰው ያስተኛል የሚለውን ግን ልጆች ያሏችሁ አትመኑት፣ ዝናብ የጣለ ቀን አራት ሰው የት ይቀመጣል? ሐምሌና ነሐሴ ኪራዩ ይንራል፣ ካምፒንጉም ይሞላል። በፈረንጆቹ መስከረም ሂዱ። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ማሞቂያው ግን ሞተሩ ጠፍቶም ይሠራል፣ በናፍጣ ነው።