«ጋሼ፣ ይህንን አልሸጥልዎትም» ላለኝ የመድኃኒት ቤት ልጅ

ምስጋና በአደባባይ መጻፍ አልለመደብኝም። ቅሬታ ሲሆን ጣቴ ይፈጥናል፣ ምስጋና ሲሆን «ነገ» እላለሁ። ይኸው «ነገ» ስል ስምንት ወር አለፈ። ዛሬ ጠዋት መነጽሬን ስወለውል ልጁ ትዝ አለኝና ተቀመጥኩ።

ነገሩ የጀመረው ከመነጽሩ ነው። ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሬ ቁጥር ሳይ እውላለሁ። አንድ ሰሞን መነጽሬ አልጠራ አለኝ። እወለውለዋለሁ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መስታወቱ ላይ፣ ያውም በውስጥ በኩል፣ ነጫጭ ብናኝ አገኛለሁ። አቧራ መሰለኝና መስኮት ዘጋሁ። ቀጥዬ የድሮ መዝገቦቹን ጠረጠርኩ። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ «ቅንድብህ ላይ ዱቄት አለ» ብላ በመሀረብ ልትጠርግልኝ ስትሞክር ዱቄቱ አልለቅ አለ። ለካ ቆዳዬ ነው።

ማታ መስታወት ፊት ቆሜ የቅንድቤን ፀጉር በጣቴ ወደ ላይ ገፋ አድርጌ አየሁት። ከፀጉሩ ሥር ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ወዝ የነካው ስስ ቅርፊት ተነባብሯል። ከቅርፊቱ በታች ያለው ቆዳ ቀላ ብሎ ያሳክካል። በጥፍሬ ስፍቀው ለአፍታ ደስ ይላል፤ ወዲያው ማቃጠል ይጀምራል፤ በማግሥቱ እጥፍ ሆኖ ይጠብቀኛል።

የሚላላጥ ነገር ያየ ሰው ሁሉ «ደርቋል» ነው የሚለው፤ እኔም ያልኩት ያንኑ ነው። በሳሙና ፈተግኩት። በሻካራ ፎጣ አሸሁት። ከዚያ «ዘይት አጥቶ ነው» ብዬ ማታ ማታ የወይራ ዘይት መቀባት ጀመርኩ። ዘይቱ ሲነካው ቅርፊቱ ተኝቶ ያድራል፣ ጠዋት የጠፋ ይመስላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን መነጽሬ ላይ አገኘዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ዘመዴ ለራሱ ሽፍታ የገዛትን ትንሽ ቱቦ ቅባት ሰጠኝ። በ3 ቀን ድራሹ ጠፋ! ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ። ቅባቷን ባቆምኩ በሳምንቱ ተመለሰ፤ ሲመለስ ደግሞ አፍንጫዬ ጎንና ግንባሬ ድረስ ሰፋ። ሁለተኛ ቱቦ ገዛሁ፤ የሸጠልኝ ሰው አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም። እየቀባሁ፣ እያቆምኩ፣ እንደገና እየቀባሁ አራት ወር ሄደ። ሦስተኛውን ልገዛ ሌላ መድኃኒት ቤት ስገባ ነው ከልጁ ጋር የተገናኘነው።

ያለቀውን ቱቦ በመስኮቱ አቀበልኩት። አገላብጦ አነበበውና ቀና ብሎ ቅንድቤን አየ።

«የት ነው የሚቀቡት?»

«እዚሁ፣ ቅንድቤ ላይ።»

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«አራት ወር ቢሆነኝ ነው።»

ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህንን አልሸጥልዎትም» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፤ በዚህ ዕድሜዬ መከልከሌ አሳፈረኝ። «ሌላ ቦታ እገዛዋለሁ» አልኩት። «ያገኙታል» አለ፣ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ፤ «ግን ሁለት ደቂቃ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል።» ከመስኮቱ ጀርባ ወጥቶ በሩ ጋ፣ ብርሃኑ ላይ አቆመኝ። መነጽሬን እንዳወልቅ ጠየቀኝ። እጁን ሳያሳርፍብኝ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፣ ከዚያ ጥያቄውን ጀመረ።

«ራስዎ ላይ ፎረፎር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ አለ፣ ግን ከቅንድብ ጋር ምን አገናኘው? «ከጆሮዎ ጀርባስ? ጢምዎ ውስጥስ?» እዚያም ያሳክከኛል። «ክርንዎና ጉልበትዎ ላይ ወፍራም፣ ብርማ ቅርፊት አለ?» የለም። «የፀጉር ቀለም ይጠቀማሉ?» ኧረ የለም፣ ሽበቴን ወድጄዋለሁ። «የቅንድቡ ፀጉር ይረግፋል? ቆዳው ሲነኩት ይደነዝዛል? ጠዋት የዓይንዎ ቆብ ይጣበቃል?» ለሁሉም የለም አልኩ። እያንዳንዱን ለምን እንደጠየቀኝ ሲያስረዳኝ ነው ንዴቴ መብረድ የጀመረው። ክርንና ጉልበትን ያነሳው ሶራያሲስ የሚባለው በሽታ እነሱን ስለሚወድ ነው። ቀለሙን የጠየቀው በፀጉር ማጥቆሪያዎች ውስጥ ያለው ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ብዙ ሰው ላይ አለርጂ ስለሚያስነሳ ነው። የቅንድብ ውጨኛ ጫፍ ሲሳሳ አንዳንዴ የታይሮይድ ዕጢ ችግር ምልክት ይሆናል። ከደነዘዘ ደግሞ ነርቭ የሚነካ በሽታ፣ ለምሳሌ ሥጋ ደዌ፣ መጣራት አለበት። «እነዚህ ካሉ ቦታቸው የእኔ መስኮት አይደለም» አለኝ።

ቀጥሎ የነገረኝን በራሴ ቋንቋ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንደኔ የሚሳሳት ይመስለኛል። ይሄ ነገር ድርቀት መስሎ የሚታይ እንጂ ድርቀት አይደለም። የራስ ቅል ፎረፎር ወደ ቅንድብ ሲወርድ ማለት ነው፤ ሐኪሞቹ ሴቦሪክ ደርማታይትስ ይሉታል። የሚወጣውም ወዝ አመንጪ ዕጢዎች በበዙበት ቦታ ነው፤ ራስ ላይ፣ ቅንድብ ላይ፣ በአፍንጫ ጎንና ጎን፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ደረት መሃል። ማላሴዚያ የሚባል የእርሾ ዓይነት ፈንገስ በሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል፣ ምግቡም ወዛችን ነው። ወዙን ሰባብሮ ሲመገብ የሚተወው የስብ አሲድ የአንዳንዶቻችንን ቆዳ ያስቆጣል። የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ሴሎቹን ከጊዜያቸው ቀድሞ ያራግፋል፤ መነጽሬ ላይ ሲዘንብ የከረመው ያ ነው። ቋቁቻ የሚያመጣውም ይኸው የፈንገስ ዘር መሆኑን ስሰማ ገረመኝ። ከንጽሕና ጉድለት አይመጣም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እኔ ግን ባለቤቴን እንዳላስይዝ ብዬ ፎጣዬን ለይቼ ነበር!

«የወይራ ዘይቱስ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቁን መደበቅ አልቻለም። «ጋሼ፣ እየቀለቡት ነበር» አለኝ። ፈንገሱ በወይራ ዘይት ውስጥ ያለውን ዓይነት ስብ ይወዳል፤ ቫዝሊን ግን ምግብ አይሆነውም።

ወደ ቱቦዋ ሲመጣ ፊቱ ኮስተር አለ። ውስጧ ያለው ክሎቤታሶል የሚባል ስቴሮይድ ነው፤ ከሚቀቡት ስቴሮይዶች ሁሉ እጅግ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ፣ ለፊትም የማይመከር። ቅላቱንና ቁጣውን ስለሚያበርድ በ3 ቀን የዳንኩ መሰለኝ፣ ፈንገሱ ግን እዚያው ነው። ፊት ላይ ሲዘወተር ቆዳ ያሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል። ሲቆም ደግሞ ቁጣው ብሶ ይመለሳል። ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ የሚባለውን፣ የማየት ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ የዓይን ሞራም እንዲሁ። የመነጽር ሰው ነኝና «ዓይን» ሲል ጆሮዬ ቆመ።

ያን ቀን ምንም አልሸጠልኝም። በትንሽ ወረቀት ላይ የቅባቱን ስም፣ ጥንካሬውን፣ ስንት ወር እንደተቀባሁና የት የት እንደተቀባሁ ጽፎ «ይህንን ለቆዳ ሐኪም ያሳዩ፣ የዓይን ግፊትዎንም ያስለኩ» ብሎ ሰጠኝ። ሰልፉን ዞር ብዬ ሳየው ሁለት ሰው ሄዷል።

ሐኪሟ ወረቀቱን አንብባ፣ አይታኝ፣ ልጁ ከጠረጠረው ሌላ ነገር የለም አለችኝ። ቱቦዋን አስቆመችኝ። ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ክሬም ጠዋትና ማታ ለ4 ሳምንት፣ የዚሁ መድኃኒት ሻምፖ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ አዘዘችልኝ። የዓይኔ ግፊትም ተለክቶ ደህና ሆነ። ማዘዣውን ይዤ ወዴት እንደሄድኩ መናገር አያስፈልገኝም።

እኔን ያዳነኝ መድኃኒቱ ነው ብል ግማሽ እውነት ነው። አቀባቡን ባያሳየኝ ኖሮ ክሬሙን የምቀባው ቅንድቤን እንጂ ቆዳዬን አልነበረም። «ፀጉሩ አልታመመም» አለኝና በባዶ ጣቱ በራሱ ቅንድብ ላይ አሳየኝ። በግራ አመልካች ጣት ፀጉሩን ወደ ላይ ትገፋለህ፤ ቆዳው እንደ ቀጭን መንገድ ሲገለጥ፣ በቀኝ ጣትህ የክብሪት ራስ የምታህል ክሬም ነጥብ ነጥብ እያደረግክ ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ ትሄዳለህ፤ ከዚያ ፀጉሩን መልሰህ ታስተኛዋለህ። ሻምፖውን ደግሞ መጀመሪያ መዳፍ ላይ አረፋ ማድረግ፣ አረፋውን በጣት ጫፍ ቅንድብ ላይ ማስቀመጥ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መቆየት፣ ሲታጠቡ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ አንገትን ወደ ኋላ መለስ ማድረግ። ሰው 5 ደቂቃ ዓይኑን ጨፍኖ ገላ መታጠቢያ ቤት ሲቆም ምን ያህል እንደሚረዝም የሞከረው ያውቀዋል። እኔ የወሩን ሂሳብ በቃሌ እየደመርኩ ነበር የማሳልፈው።

ቅርፊቱን በጥፍር መንካት ከለከለኝ፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቧጨራ ቶሎ የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ከፈለግሁ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጬ፣ የላላውን ብቻ ቀስ ብዬ ልጥረግ። ሳሙናውንም ከፊቴ አራቀው። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) 5 አካባቢ ነው፣ ተራ ሳሙና ግን 9 እና 10 ስለሚደርስ ሁልጊዜ ሲፈተግበት መከላከያው ይጎዳል። ሽታ የሌለው ለስላሳ የፊት መታጠቢያ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ፊቱ እርጥበቱ ሳይለቅ ስስ ማርጠቢያ ቅባት። በቃ።

«ስቴሮይዱን ስላቆሙ ከመሻሉ በፊት ሊብስብዎት ይችላል፤ እንዳይደነግጡ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግንባሬ ቀላ፣ ቅንድቤ እንደ በርበሬ ለበለበኝ። ዘመዴ የሰጠኝ ቱቦ ጫፍ ላይ የቀረችውን ልጨምቅ እጄን ዘርግቼ መልሼዋለሁ። በንዴት ወደ ልጁ ሄድኩ። አየኝና «ጋሼ፣ ዓይንዎ አብጧል? ውሃ ይቋጥራል?» አለ። የለም። «እንግዲያው ቀናቱን እንቁጠር» ብሎ ወረቀት ላይ ቀን ጻፈልኝ፤ እስከዚያ ካልበረደ ወደ ሐኪሟ እንድመለስ። ቀኑ ከመድረሱ በፊት በረደ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ሙሉ የሥራ ቀን መነጽሬን ሳልወለውል ዋልኩ።

ቅርፊቱ ሲለቅ ከሥሩ ነጣ ነጣ ያለ ቆዳ ብቅ አለ። ለምጽ ነው ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪሟ ስታየው በጠቆረ ቆዳ ላይ ይሄ በሽታ ከቅላት ይልቅ ንጣት ሆኖ ሊታይ እንደሚችል፣ ቀለሙም በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ እንደሚመለስ ነገረችኝ። ተመለሰ።

ልጁ ከመጀመሪያው ያልዋሸኝ አንድ ነገር አለ፤ «ጨርሶ ይጠፋል» አላለኝም። የሚያገረሽ ነገር ነው፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ብርድና ደረቅ አየር ይቀሰቅሱታል። እውነትም የዓመቱን ሂሳብ ስንዘጋ፣ ሌሊት ሌሊት ስንሠራ፣ አንድ ጠዋት መስታወቴ ላይ ብናኙ ብቅ አለ። አሁን ሻምፖውን በየሁለት ሳምንቱ አንዴ እቀባለሁ፣ ሲያገረሽም ሳይሰፋ ይያዛል።

ጉድለቱንም ልናገር፣ አለዚያ ጥቆማ አይሆንም። ቀርፋፋ ነው። ከፊታችሁ ሁለት ሰው ካለ ግማሽ ሰዓት ያዙ። የእጅ ጽሑፉ ከሐኪም ይብሳል። «ዝም ብለህ ስጠኝ» ለሚል ሰው ፈጽሞ አይሆንም፤ ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ፣ የመጀመሪያ ቀን እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ግን ልጄ ሽፍታ ሲወጣበት፣ እህቴ ለፊቷ የተሰጣትን ክሬም ስትጠራጠር፣ የላክኋቸው ወደ እሱ ነው።

ስሙን ልጻፍ ብዬ ፈቃድ ብጠይቀው «ጋሼ፣ የሚላላጥ ቅንድብ ሁሉ የእርስዎ ዓይነት አይደለም፤ ሰው ሐኪም ትቶ እኔ ጋ እንዳይመጣ» አለኝ። ስለዚህ እዚህ አልጽፈውም። የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ፣ እነግረዋለሁ። ስትሄዱ የምትቀቡትን ቱቦ፣ ያለቀም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።