ደሴ ላይ ለግቢ ተማሪዎች የሚሰጠው የጥሞናና የጽሑፍ ስልጠና፦ ጽሑፉ ይመሰገናል፣ ጥሞናው ይቀረዋል

ስልጠናው አራት ሳምንት ነው፤ በሳምንት አንድ ምሽት። ክፍያ የለውም፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መሄድ ብቻ ነው። ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢ ተማሪ ይመቻል፤ ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ግን የማታ ትራንስፖርቱ አይገፋም።

ጥሩው ጽሑፉ ነው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ትንፋሽ ይቆጠራል፦ ከአንድ እስከ አስር፣ ሐሳብ ከሄደ እንደገና ከአንድ። ቀጥሎ አስር ደቂቃ ሳያቋርጡ መጻፍ፤ መሰረዝ የለም፣ ፊደል ማረም የለም። በማግስቱ ደብተሩ ተገልጦ የተደጋገመ ቃል ይሰመርበታል። ከተራ ማስታወሻ የሚለየውም ይኸው ነው። «ኢንጂነሪንግ መጨረስ አለብኝ፣ ቤተሰብ መርዳት አለብኝ፣ ውጤት ማሻሻል አለብኝ» በሚል ገጽ ላይ ሦስቱ «አለብኝ» ሲሰመርባቸው፣ «እፈልጋለሁ» አንድም ቦታ እንደሌለ ጸሐፊው ራሱ ያየዋል። የቀጣዩ ቀን ጥያቄ ከዚያ ይወጣል።

የሚሰጡት ጥያቄዎች ግን መስተካከል አለባቸው። «ለምን እንዲህ ሆንኩ?» ብሎ የጀመረ ተማሪ ያንኑ ቁስል ሲነካካ ያመሻል። «ምን ሆነ? ምን ተሰማኝ? ያኔ ምን አደረግኩ?» ቢባል ይሻላል። ከባድ ነገር ጽፎ ወዲያው መከፋት እንዳለም አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔንቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ለተከታታይ አራት ቀን 15 ደቂቃ የጻፉ ተማሪዎች ላይም ይኸው ታይቷል፤ ጥቅሙ የመጣው ቆይቶ ነው። ይህ ስላልተነገረ አንዳንዱ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል።

ጥሞናው ለብ ለብ ነው። ከእራት በኋላ ስለሚደረግ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ ጋቢ የደረበ ሁሉ ያንቀላፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከእራት በፊት ይሁን፣ ጀርባ ከወንበሩ ይላቀቅ፣ ዓይን ሙሉ በሙሉ አይከደን። አራት ሳምንቱም አጭር ነው፤ አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመሩት የጥሞና ፕሮግራም ስምንት ሳምንት ይፈጃል፣ ቤት ውስጥም በየቀኑ ልምምድ አለው።

ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚያወሩበት ሰዓት ደግሞ የወሎ ደግነት ያበላሸዋል፤ አንዱ ገና አፉን ሲከፍት ሌላው «አብሽር!» ይለዋል፣ ወሬውም እዚያው ይቆማል። አድማጭ አንድ ደቂቃ ዝም ይበል የሚል ደንብ ቢኖር ጥሩ ነበር።

ትልቁ ጥፋት ደብተር መሰብሰቡ ነው። አሰልጣኝ እንደሚያነበው እያወቀ እውነቱን የሚጽፍ የለም። ይህ እስኪቀር ሁለት ደብተር መያዝ ያዋጣል፤ የሚሰበሰበው አንዱ ብቻ ይሁን።