ከማፍረስ በፊት የሚከፈል ገንዘብ፦ የሙሉ ቤት እድሳት ዕቅድና የወጪ ግምት አገልግሎት ሲገመገም

አንድን ቤት በሙሉ ማደስ አዲስ ቤት ከመሥራት የሚከብደው ዋጋ የሚወጣለት ነገር አብዛኛው ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ ነው። በአዲስ ግንባታ ላይ ግምት የሚያወጣው ባለሙያ በፕላን ላይ የተሣለውን ይለካል፤ በእድሳት ላይ ግን ከልስን ጀርባ ላለ ቧንቧ፣ ከወለል ሥር ላለ የፍሳሽ መስመርና ከኮርኒስ በላይ ላለ እንጨትና ሽቦ ሳይቀር ዋጋ መስጠት ይኖርበታል። ተቋራጭ ከመመረጡ በፊት ዕቅዱንና የወጪ ግምቱን ብቻ የሚያዘጋጅ ድርጅት የቀጠርነው በዚህ ምክንያት ነበር። የድርጅቱ ስም ለግምገማው ስለማያስፈልግ አልጠቅሰውም፤ የምመዝነው ይህን ዓይነቱ አገልግሎት ከሚጠየቅበት ክፍያ አንጻር ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው።

ውሉ የነባሩን ቤት ልኬት፣ ቤቱ ያለበትን ሁኔታ ፍተሻ፣ አዲሱን የክፍሎች አደላደል፣ የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩን እንዲሁም የሥራ ቅደም ተከተሉን ከክፍያ መርሐ ግብር ጋር ያካትታል። ክፍያው አስቀድሞ የተቆረጠ እንጂ ከጠቅላላው ወጪ በመቶኛ የሚታሰብ አልነበረም፤ ይህም ተገቢ ይመስለኛል። የግምቱ ድምር ባደገ ቁጥር ክፍያው የሚያድግለት ባለሙያ ወጪ የሚቀነስበትን መንገድ ለመፈለግ ምን ይገፋፋዋል?

ከአገልግሎቱ ሁሉ ብልጫ ያለው ፍተሻው ነው። የመጣው መሐንዲስ ዞሮ በማየት አልተወሰነም፤ በተመረጡ ቦታዎች ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ለመክፈት አስፈቅዶ ከወጥ ቤቱ ገንዳ ጀርባ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ጥግና አሸንዳው ከሚያልፍበት ጎን ያለውን ኮርኒስ ከፈተ። ከውኃ መስመሩ ላይ አጭር ቁራጭ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ አስቆርጦ አሳየን፤ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ የሚመስለው ብረት ውስጡ በዝገት ተጣቦ የውኃው መተላለፊያ ከትንሽ ጣት የማይሰፋ ሆኖ ነበር። የወለሉን ሴራሚክ በመዶሻ እጀታ እየመታ ባዶ ድምፅ በሰጠው ሁሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥኑን ሲከፍት ደግሞ ወጥ ቤቱ በሙሉ በአንድ ብሬከር ላይ እንደተንጠለጠለና ለሶኬቶቹ የመሬት መስመር (ኧርዝ) እንዳልተዘረጋላቸው ታየ። በአሮጌ ቤቶች ውስጥ አስቤስቶስ ያለበት ሽፋንና እርሳስ ያለበት ቀለም ሊገኝ ስለሚችል፣ አጠራጣሪው ነገር ከመነካቱ በፊት ናሙናው ተወስዶ እንዲመረመር በጽሑፍ አሳሰበ፤ አስቤስቶስን ያለ ጥንቃቄ መስበር የሚያስነሳው ብናኝ ሳንባን የሚጎዳ በመሆኑ ማስወገጃው የራሱ ባለሙያና የራሱ በጀት ያስፈልገዋል።

የሥራ መጠን ዝርዝሩ፣ ማለትም ቴክኦፍ ሺቱና ቢል ኦፍ ኳንቲቲው፣ ከዚህ ፍተሻ ላይ የተነሣ በመሆኑ እምነት የሚጣልበት ነበር። እያንዳንዱ ሥራ መለኪያውን፣ መጠኑንና ነጠላ ዋጋውን ይዞ የዕቃውና የእጅ ዋጋው ተለያይቶ ተጽፏል። ለቀለም የበሮችና የመስኮቶች ስፋት ተቀንሶ ሁለት እጅ ታስቧል፤ አንድ ሊትር ቀለም በአንድ እጅ በግምት 10 ካሬ ሜትር እንደሚሸፍን በመነሻነት ተይዟል። ለሴራሚክ የብክነት 10 በመቶ፣ በሰያፍ ለሚነጠፈው ደግሞ 15 በመቶ ተጨምሯል። ብዙዎች የሚረሱት የፍርስራሽ ማንሻ ወጪም ቢሆን ግድግዳው ቆሞ ሳለ ባለው ይዘት ሳይሆን ሲፈርስ ላልቶ በሚይዘው ሰፊ ቦታ ልክ ተሰልቷል።

ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ተቋራጮች ዋጋ ባቀረቡ ጊዜ ነው። ሁሉም አንዱኑ ዝርዝር ስለሞሉ መስመር በመስመር ማነጻጸር ተቻለ፤ ከሁሉም ዝቅ ያለውን ድምር ያቀረበው ተቋራጭ የውኃ መከላከያውንና የፍርስራሽ ማንሳቱን መስመር ባዶ ትቶ መገኘቱም የታወቀው በዚህ ነው። ዝርዝር ባይኖር ኖሮ በድምሩ ብቻ ያሸንፍ ነበር፤ የጎደለው ገንዘብ ደግሞ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ በተጨማሪ ሥራ ስም መጠየቁ አይቀርም።

ከግምቱ ውስጥ ይበልጥ የወደድኩት የመጠባበቂያ ገንዘቡን አያያዝ ነው። በጠቅላላው ድምር ላይ አንድ 10 በመቶ ጨምሮ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም፣ እዚህ ግን መጠባበቂያው እንደ ሥራው ጥርጣሬ ተከፋፍሎ ነበር፦ ለፍሳሽ፣ ለጣሪያ እንጨትና ለተሸካሚ ግድግዳ 20 በመቶ፣ ለቀለምና ለመሳሰለው የላይ ሥራ ደግሞ 5 በመቶ። አንድ የተሸፈነ ቦታ ተከፍቶ ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ የዚያ ክፍል መጠባበቂያ ይለቀቃል። ባለቤቱ በመሐል ሐሳቡን ቀይሮ ለሚያዘው ነገር የተለየ ሣጥን መያዙም ብልህነት ነው፤ የመጠባበቂያ ገንዘብ ላልታየ ችግር እንጂ ለተሻለ የውኃ ቧንቧ እጀታ አይደለም፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መጀመሪያ የሚያልቀው የትኛው እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም።

ጉድለቱ ያለው በማጠናቀቂያ ዕቃዎች ላይ ነው። የወጥ ቤት ካቢኔ፣ የሳኒተሪ ዕቃዎች፣ መብራቶችና በሮች በፕሮቪዥናል ሰም፣ ማለትም ዕቃው ገና ሳይመረጥ በሚቀመጥ ጊዜያዊ ዋጋ ተይዘው ነበር። የተቀመጠው ዋጋ የገበያውን ዝቅተኛ ደረጃ የሚከተል ስለነበረ ድምሩን አሳመረው፤ ወደ ሱቅ ተወጥቶ መካከለኛ ደረጃ ያለው ዕቃ ሲጠየቅ ግን ልዩነቱ ከመጠባበቂያው ሰፊ ድርሻ የሚበላ ሆኖ ተገኘ። ይህ በዚህ ድርጅት ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በመሆኑም አገልግሎቱን የሚገዛ ሰው ቢያንስ የካቢኔውን፣ የሽንት ቤት መቀመጫውንና የወለሉን ዓይነት ከነሞዴሉ መርጦ በዝርዝሩ ላይ እንዲጻፍ ሳያደርግ ግምቱን ተጠናቀቀ ብሎ መረከብ የለበትም።

ሌላው ቅሬታዬ ከሰነዱ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የሰፈረውና «ግምቱ የማያካትታቸው» የሚለው ክፍል ነው። በእድሳቱ ጊዜ የሚከፈለው የመኖሪያ ኪራይ፣ የዕቃ ማከማቻና ማጓጓዣ፣ የፈቃድ ክፍያ፣ ግብርና የዲዛይን ክፍያው ራሱ በሙሉ እዚያ ተዘርዝረዋል። በሰነዱ ሐቀኝነት ላይ ጥያቄ የለኝም፤ ነገር ግን ከአንድ ኪስ የሚወጣን ገንዘብ ግማሹን በሠንጠረዥ፣ ግማሹን በማስታወሻ መጻፍ አንባቢን ያሳስታል።

የጊዜ ሰሌዳው ሲመጣ ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። የሲሚንቶ ሊሾ እንደ አየሩ ሁኔታ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ቀን ያህል መድረቂያ የሚፈልግ ሆኖ ሳለ፣ ሰሌዳው ገና እርጥበቱ ባልወጣ ወለል ላይ የእንጨት ንጣፍ ያስጀምር ነበር፤ እንዲህ የተነጠፈ እንጨት ደግሞ ያብጣል፣ ይነሣል። መስኮቶቹም ክፍተታቸው ተስተካክሎ ከተለኩ በኋላ የሚመረቱ በመሆናቸው የማምረቻ ጊዜው መታሰብ ነበረበት። ሁለቱንም ባመለከትን ጊዜ ያለ ክርክር አርመው መልሰዋል።

ጠቅላላ ድምሩ ከአቅማችን ማለፉ ሲታወቅ የሰጡት ምክር ደግሞ የክፍያቸውን ዋጋ ያስረሳል። ከእያንዳንዱ መስመር ጥቂት ጥቂት ከመሸረፍ ይልቅ የሥራውን ስፋት እንድንቀንስ መከሩ። ሽንት ቤቱን ወደ ሌላ ጥግ የማዛወር ሐሳባችን ቀዳሚው ተሰራዥ ሆነ፤ ወፍራሙ የፍሳሽ ቧንቧ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ስለሚፈልግ ቦታውን መቀየር ማለት ወለሉን በሙሉ መስበር ማለት ነበርና። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ መስመሩን ከመቀየር እንድንቆጠብ ስንጠይቅ አልተስማሙም። ከግድግዳ ውስጥ የሚገባው ሁሉ አሁን እንዲሠራ፣ ከግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ግን ገንዘብ ሲገኝ እንዲቀጥል አድርገው ሥራውን ለሁለት ከፈሉት፤ ልስን ሁለት ጊዜ ማፍረስን የሚያስቀር አካሄድ ነው።

የክፍያ መርሐ ግብሩም በቀን ሳይሆን በሚለካ ሥራ የታሰረ ነው። ቧንቧው ከመለሰኑ በፊት በግፊት ካልተፈተሸ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለልም ሴራሚክ ሳይነጠፍበት ለ24 ሰዓት ውኃ አቁሮ ካልታየ ለተቋራጩ የዚያ ደረጃ ክፍያ አይለቀቅም። ከየክፍያው 5 በመቶ በዋስትና ተይዞ ጉድለቶች ከታረሙ በኋላ ይመለሳል።

ቀለም ለመቀባትና የአንድ ክፍል ሴራሚክ ለመቀየር ይህን ያህል ሰነድ ማዘጋጀት ትርፉ ድካም ነው፤ የውኃ፣ የፍሳሽና የኤሌክትሪክ መስመሮች በሙሉ ለሚነኩበት እድሳት ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ከመፈረሙ በፊት ግን አንድ አንቀጽ መጨመር አለበት። የእኛ ውል ሰነዱን በማስረከብ ያበቃ ስለነበረ፣ ግድግዳው ተከፍቶ የተገኘውን ነገር መሐንዲሱ መጥቶ እንዲያይና ግምቱን እንዲያስተካክል በጠራነው ቁጥር የተለየ ክፍያ ተጠይቀናል። ከማፍረስ በኋላ የሚደረግ አንድ የፍተሻና የግምት ማሻሻያ ጉብኝት በመጀመሪያው ክፍያ ውስጥ እንዲካተት መደራደር ይገባል፤ ድርጅቱ ይህን የማይቀበል ከሆነ ሌላ መፈለጉ ይሻላል።