ለሽሮ ሜዳው መንገዳችን ካቦ፦ ክረምቱ ከገባ በኋላ የተጻፈ ምስጋና

ይህን ምስጋና በግንቦት ልደታ ማግስት ልጽፈው ነበር፤ ሆን ብዬ አቆየሁት። መንገድ በምርቃቱ ቀን ሁሉም ያምራል። እኛ ደግሞ አንድ ጊዜ ባማረ መንገድ ተታልለናል። አሁን ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነን። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ሦስት አራት ጊዜ በሰፈራችን አልፏል፤ መንገዱ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ አሁን በሙሉ አፌ አመሰግናለሁ።

የምንኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስትወጡ የአሜሪካን ኤምባሲ እንዳለፋችሁ፣ ግራና ቀኙ በቀሚስና በነጠላ ያሸበረቀው ገበያ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው አስፋልቱን ብቻ ነው። ልብሱ የሚሸመነው ግን ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገቡት ቅያሶች ነው። የእኛም ቅያስ አንዱ ነው፤ ጠባብና ሽቅብ። ለሌላው ቅያስ ይሁን እንጂ ለእኛ ዋና መንገዳችን እሱ ነው። ሸማው ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው፣ ታማሚው ወደ ሐኪም የሚወሰደው፣ አስከሬን የሚሸኘው በእሱ ነው። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱት እናቶችም አቋራጫቸው ይኸው ነው።

ይህ መንገድ ከሁለት ዓመት በፊት የፍሳሽ መስመር ሊቀበርበት ተቆፈረ። ቱቦው ተቀበረ፣ ድንጋዩ ተመልሶ ተነጠፈ፣ እኛም ደስ አለን። ሥራውን የወሰደው ተቋራጭ ግን ቦዩን የሞላው የወጣውን አፈር እንዳለ መልሶ ነው። በየደረጃው ውሃ እያጠጣ አልደለደለውም። በቀጣዩ ክረምት ድንጋዩ በመሐል በመሐሉ ሰመጠ። መሐሉ ሲሰምጥ ውሃው ወደ ጎን ዲቹ (ወደ መንገዱ ዳር የውሃ መውረጃ) መሄዱን ትቶ መንገዱን እንደ ቦይ ያዘው፤ ከዚያም ዝቅ ወዳለው ግቢ ሁሉ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። የአገራችን ሸማኔ የሚሠራው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ጉድጓድ አውርዶ፣ መርገጫውን በእግሩ እየረገጠ ነው። ጎርፍ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚሞላው ያ ጉድጓድ ነው። አባቴ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እንዲህ ባለ ጉድጓድ ጫፍ ተቀምጦ ነው፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ፣ ድሩ ጭቃ ነክቶት ሳየው ምን እንደተሰማኝ ለሰፈሬ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። አንድ ጎረቤታችን ለሠርግ የታዘዘ ጥበብ እንዳለ ተበላሽቶበት ለደንበኛው ከኪሱ ከፍሏል። በኋላ ጭራሽ መኪና እንዳይገባ ተብሎ መንገዱ ላይና ታች በድንጋይ ተዘጋ።

ኮሚቴ አቋቋምን፤ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። መዋጮው በእድራችን በኩል ተሰበሰበ። ካቦውን ያገኘናቸው በአንዲት ጎረቤታችን ጥቆማ ነው። ዘመዶቿ ሰፈር የሠሩትን መንገድ አይታ «ስድስት ክረምት አልፎበት እንደተነጠፈ ነው» አለችን። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ስማቸው ሲነሣ አይወዱም። ሁላችንም የምንጠራቸው «ካቦ» እያልን ነው።

ካቦ መጀመሪያ ቀን የመጡት ሜትርም መሮም ሳይዙ፣ በባዶ እጃቸው ነው። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። ከዚያ የሰፈራችን አዛውንት እማማ ደጅ ተቀምጠው «እናቴ፣ ውሃው ሲመጣ በየት በኩል ነው ቀድሞ የሚታይዎት?» ብለው ጠየቁ። እማማ በምርኩዛቸው እየጠቆሙ አሳዩዋቸው። እያንዳንዱን ደጃፍ እንዲህ ጠየቁ። ከዚህ በፊት በመንገዳችን ጉዳይ ማንም ምንም ጠይቆን አያውቅም ነበር።

ዋጋ ሲነግሩንም እውነቱን ነው የነገሩን። «ላዩን ብቻ ላስተካክልላችሁ ካላችሁ በግማሹ ዋጋ ይሆናል፤ ግን ለከርሞ ትረግሙኛላችሁ» አሉ። ኮሚቴው ውስጥ ርካሹን የፈለገ ሰው ነበር። ያን ቀን ረጅም ክርክር አደረግን፤ በመጨረሻ ሁሉንም ነቅለን እንጀምር ተባለ።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። አሮጌው ድንጋይ ተነቅሎ በመጠን በመጠኑ ተለየ፤ የተሰበረው ወደ አንድ ወገን፣ ደህናው ወደ ሌላ። ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ አብዛኛው ተመልሶ ይሠራል ብለው አዲስ ድንጋይ ከመግዛት አዳኑን። የቦዩ አፈር እስከ ቱቦው ጫፍ ወጣ። ከዚያ ገረጋንቲ (ለመንገድ መሙያ የሚሆን ጠጠራማ አፈር) በስሱ በስሱ እየተበተነ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በማሽን ተደለደለ። አንዱ ደረጃ ሳይጠብቅ ሌላው አይጨመርም። እሳቸው በጫማቸው ተረከዝ ይረግጡትና ዱካው ከቀረ «ድገሙት!» ይላሉ። በላዩ አሸዋ ተደለደለ፤ ድንጋዩ ከታች ወደ ላይ እየተነጠፈ ወጣ። ቁልቁለት ላይ ከላይ ወደ ታች ከተነጠፈ ድንጋዩ ወደ ታች እየገፋ እንደሚሄድ ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። በየተወሰነ ርቀት መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ የኮንክሪት ማገጃ ቀበሩ። ያኛው ተቋራጭ ይህን ጨርሶ አላደረገም ነበር። ሲባጎ ወጥረው፣ ውሃ ልክ አስቀምጠው፣ መሐሉን ትንሽ ከፍ፣ ጎንና ጎኑን ወደ ዲቹ ዝቅ አደረጉት። ሲያዩት ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ውሃው ግን ያውቀዋል።

የሰፈራችን ስድስት ወጣቶች አብረዋቸው ሠርተዋል። አንዱ ዲግሪ ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ የነበረ ልጅ ነው። ኮብልስቶን በከተማችን የተጀመረ ሰሞን ዲግሪ ይዞ ድንጋይ መጥረብ እንደ ውርደት ይወራ ነበር። ካቦ እንዲህ ያለ ወሬ አጠገባቸው አያስወሩም። ልጁን መዶሻ ከማስያዛቸው በፊት ተዳፋቱን አስለኩት፣ ሒሳቡን እሱ እንዲይዝ አደረጉ። አሁን ሌላ ሰፈር አብሯቸው እየሠራ ነው። እናቱ በምርቃቱ ቀን ቡና ስታፈላ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

በመሐል ሰፈራችን ለቅሶ ደረሰበት። መንገዱ ገና ክፍት ጉድጓድ ነው፤ ድንኳን መትከያም፣ አስከሬን ማሳለፊያም የለም። ካቦ ማንም ሳይጠይቃቸው ሥራውን አስቆመው ሌሊቱን ከልጆቹ ጋር ሳንቃ ረበረቡ፣ ድንጋይ ደረደሩ። ጠዋት አራት ሰው ጎን ለጎን ቃሬዛ ይዞ የሚያልፍበት መተላለፊያ ሆኖ ጠበቀን። ለዚህ ሒሳብ አላስያዙም። ኮሚቴው እንክፈልዎት ሲላቸው «የለቅሶ ነው» ብለው ዝም አሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ልንገራችሁ የምፈልገው ስለ ድንጋይ መደቡ ነው። ቅያሱ እጥፍ የሚልበት ቦታ ላይ፣ አጥር ጥግ፣ የተረፈውን ድንጋይ ተጠቅመው አንድ መደብ ገነቡ። ቁመቱ ለመቀመጫ ይበዛል። ልጆቹ «ካቦ፣ ከፍታው ተሳስቷል» ሲሏቸው ሰማሁ። በነጋታው ጠዋት ቅጠል አዝላ የምትወርድ አንዲት እናት እዚያ ጋ ስትደርስ ጀርባዋን ሰጥታ ሸክሟን አስደገፈችው፤ ገመዱን ከደረቷ ሳትፈታ ቀና ብላ ተነፈሰች። ከፍታው ልክ ለጀርባ ሸክም ነው። እኛ እነዚያን እናቶች በየቀኑ እያየናቸው አድገናል፤ ሸክሙን አንዴ መሬት ካወረዱት ያለ ሰው እርዳታ መልሰው እንደማያነሡት እናውቃለን። አንዳችንም ግን ማሳረፊያ ይሠራላቸው ብለን አላሰብንም። ሥራው በውላችን ውስጥ አልነበረም። አሁን ጠዋት ጠዋት ከደጄ ስወጣ ሁለት ሦስት እናቶች ተደግፈው ሲያወሩ አገኛለሁ።

የምርቃቱን ቀን ግንቦት 1 ያደረግነው በምክንያት ነው። ግንቦት ልደታ ከቤት ውጭ፣ ደጅ ላይ፣ ከጎረቤት ጋር የሚከበር በዓል ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን የምንሰበሰብበት ደጅ አልነበረንም። የእድሩ ወንበርና ድስት ወጣ። ንፍሮው በትልቁ ብረት ድስት ተቀቀለ፣ ድፎ ዳቦው ከየቤቱ መጣ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሳምቡሳና ሻይ ይዘው ወጡ። ከላይ እስከ ታች ቄጠማ ጎዘጎዝን። ላይና ታች መንገዱን የዘጉትን ድንጋዮች ያነሡት ልጆቹ ናቸው። ሪባኑን እማማ ቆረጡ፤ ምርቃታቸው ረጅም ነበር፣ እኛም «አሜን» ማለት አልሰለቸንም። ካቦ ከኋላ ከልጆቹ ጋር ቆመው ነበር። ሸማኔዎቹ በመዋጮ የሠሩትን ቡሉኮ ይዘው ሄደው አለበሷቸው። ማጉን የፈተሉት የየቤቱ እናቶች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ጎርፍ ቤታቸው የገባባቸው ይገኙበታል። ካቦ ንግግር አላደረጉም። ቡሉኮውን እንደለበሱ ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉና ዳቦ ሊበሉ ተቀመጡ።

ለምትፈልጓቸው ሰፈሮችና ኮሚቴዎች እውነቱን ልንገራችሁ። አይቸኩሉም። ከተዋዋልንበት ቀን ሁለት ሳምንት ዘግይተዋል፤ ምክንያቱም አንድ ቦታ ላይ ድልደላው አልጠበቀም ብለው ራሳቸው ያስነጠፉትን በራሳቸው ወጪ አስነቅለዋል። ሥራ ላይ ስልክ አያነሡም፤ ማታ ደውሉ። ቅድሚያ ክፍያ የሚቀበሉት ለዕቃ መግዣ ብቻ ነው፣ ደረሰኙንም ያመጣሉ። የአስፋልት ሥራ አይሠሩም፤ «አላውቅበትም» ይላሉ። የግቢ ንጣፍ፣ የቅያስ ኮብል፣ ዲችና የድንጋይ ግንብ ግን ያለ ስጋት ስጧቸው። በክረምት አዲስ ሥራ ስለማይጀምሩ ከመስቀል በኋላ እንዲመጡላችሁ ከአሁኑ ተነጋገሩ። የሚገኙበትን አድራሻ የእድራችን ጸሐፊ ጋ ታገኛላችሁ።

ሥራቸውን አይታችሁ ለመወሰን ካሰባችሁ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ኑ። ጃንጥላ ያዙ፤ መደቡ ጋ ቁሙና ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ ተመልከቱ።