ዶክተር ሊያደርገኝ የቸኮለው ደዋይ

ለአንድ የኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዬን ማክሰኞ ማታ ላክሁ። ሐሙስ ጠዋት «እንኳን ደስ አለዎት፣ ለዶክትሬት ፕሮግራማችን ተቀባይነት አግኝተዋል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ስሜ በወርቃማ ፊደል ተጽፏል። ወዲያው ለእናቴ ደወልኩ። ያን ስልክ ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የላክሁት እኮ ምን ነበር? የማስተርስ ዲግሪዬን ኮፒና ስለ ራሴ የሚያወራ ሁለት አንቀጽ። ፕሮፖዛል አልጠየቁኝም። የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ አልጠየቁኝም። «ምን ልታጠና ነው?» ያለኝ አንድም ሰው የለም። እኔ ግን «ጎበዝ ስለሆንኩ ነው» ብዬ አረፍኩት። ሰው ሲሞገስ መጠየቅ ይረሳል።

ደብዳቤው በደረሰ በሰዓቱ ስልክ ተደወለ። «የመግቢያ አማካሪዎ ነኝ» አለኝ። እዚህ ጋ ልብ በሉ። በዶክትሬት ትምህርት አማካሪ ማለት ጥናትህን ለዓመታት የሚመራ፣ ረቂቅህን አንብቦ የሚመልስ ምሁር ነው። ይሄኛው ሻጭ ነው። «ግማሽ ስኮላርሺፕ ተፈቅዶልዎታል፤ ግን እስከ ዛሬ እኩለ ሌሊት ብቻ ነው» አለኝ። እኩለ ሌሊት ላይ የሚበላሽ ስኮላርሺፕ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም ነበር። ቢሆንም ከፈልኩ።

በማግስቱ «ጥናቴን የሚመራው ማነው?» ብዬ ጻፍኩ። «ዋናው ምዝገባ ሲጠናቀቅ ይመደብልዎታል» የሚል መልስ መጣ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሌላ ነገር አቀረቡልኝ። የአስር ዓመት የሥራ ልምዴ እንደ ኮርስ ሊቆጠርልኝ ይችላል፤ ትንሽ ጨምሬ ከከፈልኩ መመረቂያ ጽሁፉም በአጭር ሪፖርት ይተካልኛል። ያኔ ነው የባነንኩት። በስድስት ወር የሚያልቅ፣ ምርምር የሌለበት ዶክትሬት ማን ያከብረዋል?

እውነተኛው መግቢያ እንዲህ አይደለም። ብዙ ቦታ ከመግባትህ በፊት ርዕስህን ታቀርባለህ፣ መምህራን ያነጋግሩሃል፣ አንዱ «እኔ እመራዋለሁ» ይላል። ኮርስ በሚቀድምባቸው ፕሮግራሞች መሪው በኋላ ሊመደብ ይችላል። ያም ሆኖ መምህራኑ በስም ይታወቃሉ፣ ያሳተሙት ጥናትም ተፈልጎ ይገኛል። እኔን የተቀበለኝ ተቋም ገጽ ላይ ግን ሳቂታ ፎቶዎች እንጂ የመምህር ስም አልነበረም።

«እውቅና አለን» የሚለውን ነገር አጣርቼ ነበር፤ አጣራሁ የምለው ራሳቸው የላኩልኝን ሊንክ ከፍቼ ነው! ሊንኩ የወሰደኝ ስሙ ግዙፍ ወደሆነ «ዓለም አቀፍ» እውቅና ሰጪ ነው። በኋላ ሳየው ይሄ ሰጪ ራሱ በየትኛውም መንግሥት አይታወቅም። የዲግሪ ፋብሪካዎች፣ ማለትም ሳያስተምሩ ወረቀት የሚሸጡ ተቋማት፣ ከጎናቸው የእውቅና ፋብሪካም ይከፍታሉ። ስለዚህ የእነሱን ሊንክ ተዉትና ተቋሙ አለሁበት የሚለውን አገር የትምህርት ባለሥልጣን ዝርዝር ራሳችሁ ፈልጉ። ዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ከዩኔስኮ ጋር የሚያዘጋጀው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የመረጃ ቋትም አለ። ስሙን ካገኛችሁት በኋላም እውቅናው ዶክትሬትን ይጨምር እንደሆነ እዩ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የተፈቀደለት ይኖራል።

የድረ ገጹ አድራሻም ሸውዶኛል። መጨረሻው «ዶት ኤሲ» ስለሆነ አካዳሚክ መሰለኝ። ለካ ያ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ያለችው የአሴንሽን ደሴት የኢንተርኔት ኮድ ነው፤ ማንም ከፍሎ ይገዛዋል። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት «ዶት ኤሲ ዶት ዩኬ» ሌላ ነገር ነው። «ዲግሪያችን አፖስቲል ይደረግበታል» ሲሉም አትደንግጡ። አፖስቲል ሰነድ በሌላ አገር እንዲያገለግል የሚደረግ ማረጋገጫ ነው፤ የሚያረጋግጠው የፊርማውንና የማህተሙን ትክክለኛነት ነው፤ ስለ ትምህርቱ ምንም አይልም።

ይሄ አዲስ ተንኮል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካዋ የፔንሲልቫኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አንድን የዲግሪ ሻጭ ለማጋለጥ በድመት ስም ማመልከቻ አስገባ። ድመቱ ኮልቢ ኖላን ይባላል። የተጠየቀው በ299 ዶላር የመጀመሪያ ዲግሪ ነበር። ሻጮቹ ግን «የሥራ ልምድህ ጥሩ ነው» ብለው በ399 ዶላር ኤምቢኤ (የንግድ አስተዳደር ማስተርስ) እንዲወስድ መከሩት። ተመረቀም። ሥራ ልምድ ይቆጠርልዎታል የተባልኩ ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ!

ከዚህ የከፋውን የአሜሪካው ጋዜጣ ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2015 አወጣው። አክዛክት የተባለ የፓኪስታን ኩባንያ ቢያንስ 370 ድረ ገጾች ነበሩት፤ ብዙዎቹ የሌሉ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ዲግሪ የገዙትንም አልተዋቸውም። የመንግሥት ባለሥልጣን መስለው እየደወሉ «ወረቀትህ ካልተረጋገጠ ችግር ይገጥምሃል» በማለት ተጨማሪ ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። ሐሰተኛ ዲግሪ የገዛ ሰው ለማን ይከሳል?

ኦንላይን መማር በራሱ ነውር እንዳይመስላችሁ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ግቢው ላልመጡ ተማሪዎች ዲግሪ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። ግን እውቅና ያለው ተቋም ውስጥም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ጋ ኮርሱ ካለቀ በኋላ መመረቂያ ጽሁፉ እስኪጸድቅ በየተርሙ ይከፈላል። ረቂቃችሁ ሁለት ወር ጠረጴዛ ላይ ቢያድር ቆጣሪው አይቆምም። እና ከመፈረማችሁ በፊት፦ ከገቡት ውስጥ ምን ያህሉ ተመረቁ? በስንት ዓመት? አንድ መምህር ስንት ተማሪ ይመራል? መልሱን በኢሜይል ይላኩላችሁ፤ በስልክ የተባለ ነገር ኋላ አይገኝም። የተመረቀ ሰውም ራሳችሁ ፈልጋችሁ አነጋግሩ፤ እነሱ የሚያገናኟችሁን አይደለም።

የከፈልኩትን በተመለከተ፣ «የማይመለስ» የሚለው ቃል ውሉ ውስጥ ስምንተኛው ገጽ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በካርድ ስለነበር ለባንኬ ቅሬታ አስገብቻለሁ። እንደኔ የሆናችሁ ካላችሁ ቶሎ በሉ፤ የክፍያ ቅሬታ የጊዜ ገደብ አለው። በቀጥታ ሀዋላ የላከ ሰው ማስመለሱ በጣም ይከብደዋል። የፓስፖርት ኮፒ ከጠየቋችሁም አትላኩ። እኔ ልኬ አሁን እየተጨነቅሁ ነው።

ደዋዩ አልተወኝም። ባለፈው ሳምንት ቅናሹ 70 በመቶ መድረሱን አበሰረኝ። ጥናቴን የሚመራው ማን እንደሆነ ደግሜ ጠየቅሁት።

«መጀመሪያ ይመዝገቡ» አለኝ።