ለስላሳ ወይስ ሙሉ ጉልበት? የአየር ጠመንጃ ለሚገዛና ለሚያስተካክል

ደብረ ብርሃን ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የአየር ጠመንጃዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም 4.5 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ሁለቱም አፈሙዛቸው ታጥፎ የሚወጠር፣ በሞላ (በብረት ስፕሪንግ) የሚሠራ ዓይነት። አንዱ ውስጥ ያለው ከፋብሪካ የመጣው ሞላ ነው፤ ሁለተኛው ውስጥ እኔ ራሴ የከተትኩት ወፈርና ረዘም ያለ ሞላ አለ። እጄን አሸዋ በሞላ ጆንያ ላይ አስደግፌ በ10 ሜትር ርቀት በእያንዳንዳቸው አምስት አምስት እርሳስ (የአየር ጠመንጃ ጥይት) ተኮስኩ። የመጀመሪያው የበሳቸው ቀዳዳዎች በአንድ ሃምሳ ሳንቲም ተሸፈኑ። የሁለተኛውን ለመሸፈን የቡና ስኒ ደፋሁበት፤ አንዷ ቀዳዳ ከስኒው ከንፈር ውጭ ቀረች።

በበዓል ሰሞን ዒላማ ዘርግቼ ስለማጫውት፣ የተበላሸም ስለምጠግን፣ ወጣቶች እየመጡ "ጋሼ፣ ጉልበቱን ጨምርልኝ" ይሉኛል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም እንደነሱ ጀምሬያለሁ። ግን ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሁለቱን መንገዶች፣ ለስላሳውንና ሙሉ ጉልበቱን፣ አይታችሁ ብትመርጡ ደስ ይለኛል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የአየር ጠመንጃ ጉልበት በጁል ይለካል። ከግማሽ ግራም በላይ የምትመዝን የተለመደችው 4.5 እርሳስ በሴኮንድ 170 ሜትር ስትወጣ 8 ጁል ያህል ትይዛለች፤ 240 ሜትር ስትወጣ ደግሞ 16 ጁል ያህል። ልብ በሉ፤ ጉልበቱ እጥፍ ሆነ፣ ፍጥነቱ ግን የጨመረው 41 በመቶ ብቻ ነው። ለዚያች ጭማሪ የሚከፈለው ደግሞ ብዙ ነው፦ ለመወጠር የሚከብድ ክንድ፣ የሚራገጥ ጠመንጃ፣ ቶሎ የሚያልቅ ጎሚኒ (አየር እንዳይሾልክ የሚዘጋው)።

በ10 ሜትር ላይ በሁለቱ ፍጥነቶች መካከል ያለው የእርሳስ መውደቅ ልዩነት 1 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። መነጽሩን ወይም ማነጣጠሪያውን አንድ ጊዜ ካስተካከላችሁ ልዩነቱን አታዩትም። በ40 ሜትር ግን ልዩነቱ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ጉልበት ያለው ጠመንጃ እርሳሷን ቀጥ አድርጎ የመውሰድ ጥቅሙ እዚያ ላይ በእውነት ይታያል። ስለዚህ ራሳችሁን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ "ከስንት ሜትር ነው የምተኩሰው?" ብላችሁ ነው።

በኦሎምፒክ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1984 የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ጀምሮ አለ። የዒላማው መሀል፣ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው፣ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ይህን የሚመቱት ጠመንጃዎች እርሳስ የሚያወጡት በሴኮንድ 170 ሜትር አካባቢ ነው፤ ማለትም ለስላሳ ናቸው። እንግሊዝ አገር ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ከ16 ጁል ብዙም አይበልጥም፤ በዚያ ጉልበት እስከ 50 ሜትር የሚደርስ የዒላማ ውድድር ይካሄዳል። ጀርመን ደግሞ በነጻ የሚሸጠውን 7.5 ጁል ላይ አቁማዋለች። በመንዝም ሆነ በቡልጋ ሽማግሌዎች የሚያደንቁት አልሞ ተኳሹን ነው፤ እኔም ጠመንጃን የምመዝነው በዚያው ነው።

ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት አንድ አይደሉም

ይህን ሻጭ አይነግራችሁም፤ እኔም ያወቅሁት በልምድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየራችን ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። የሞላ ጠመንጃ ደግሞ የሚሠራው በዙሪያው ባለው አየር ነው፦ ምላጩን ስትስቡ ሞላው ይፈታል፣ ፒስተኑን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ፒስተኑ ፊቱ ያለውን አየር ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀው አየር እርሳሷን ያስወጣታል። ያው አየር ሌላም ሥራ አለው። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሄዶ እንዳይላተም እንደ ትራስ ይቀበለዋል።

አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ከባድ ሞላ የገባበት ጠመንጃ እዚህ ላይ ስትተኩሱ ፒስተኑ ብረቱን ሲመታው "ጣ" የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰማል፤ ክንዳችሁ ላይም ይደርሳል። እኔ ያንን ሞላ በከተትኩ በሁለተኛው ወር የሰደፉ ብሎኖች ላሉ፤ ሮንዴላ ጨምሬ አጠበቅኋቸው፤ መልሰው ላሉ። ከዚያ መነጽሬን ባዞረው ባዞረው አልረጋ አለ፤ ውስጡ ያለችው መስቀል ከቦታዋ ተነቅላ ነበር። የሞላ ጠመንጃ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ፊት ይራገጣል፤ ለባሩድ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር የኋላውን እንጂ የፊቱን ምት አይችለውም። መነጽሩ ተጣለ። ገንዘቡ አሁንም ያንገበግበኛል።

በጣርማበር ወርዳችሁ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ስትገቡ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። እዚያ አየሩ ወፈር ይላል፤ ያው ጠመንጃ እርሳሱን ፈጠን አድርጎ ያወጣል፣ ፒስተኑም ይለሰልሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ያስተካከላችሁትን ማነጣጠሪያ እዚያ እንደገና ማስተካከል አለባችሁ። ስለዚህ ቆላ ያለ ሰው መጠነኛ ጭማሪ ቢያደርግ ጠመንጃው ይሸከምለታል፤ ደጋ ያለ ሰው ግን በከባድ ሞላ የሚያገኘው ፍጥነት ትንሽ፣ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ደግሞ ሞላው ላይ የተቀባው ወፍራም ግራሶ ይጠጥርና ፍጥነቱ ጠዋትና ቀትር ይለያያል። ግራሶውን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ።

አንድ ሌላ ነገር። ጉልበት ይጨምራል ብሎ የሞተር ዘይት በአየር መውጫዋ ቀዳዳ የሚያንጠባጥብ አለ። ዘይቱ ሲጨመቅ ይቀጣጠላል፤ ጭስ ይወጣል፣ እንደ ባሩድ ይጮኻል፣ ሰውየውም ጉልበት ጨመርኩ ይላል። ፍጥነቱ ለጊዜው ቢጨምርም ከተኩስ ተኩስ ይለያያል፣ አይረጋም፤ ጎሚኒውን ያቃጥላል፣ ሞላውንም ለመሰበር ያቀርባል።

በታንክ ለሚሠራው

የታመቀ አየር በታንክ ይዞ የሚተኩሰው ዓይነት ጸባዩ ሌላ ነው። አይራገጥም፣ ከፍታም ብዙ አያስጨንቀውም፤ ምክንያቱም የሚተኩሰው ቀድሞ በተሞላለት፣ ብዙውን ጊዜ 200 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። ሙሉ ጉልበት የምትፈልጉ ከሆነ እኔ የምመክራችሁ ይህንኑ ነው፤ በተለይ 5.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ 1 ግራም የምትመዝን ከባድ እርሳስ የሚተኩሰውን። ቀላል እርሳስ በሙሉ ጉልበት ሲተኮስ ወደ ድምፅ ፍጥነት፣ ወደ 340 ሜትር በሴኮንድ ይጠጋል፤ እዚያ አካባቢ ወገቧ ቀጠን ያለው እርሳስ ትንገዳገድና መንገዷን ትስታለች።

የሚጎዳችሁ አየሩ ነው። ጉልበቱ ሲጨምር እያንዳንዱ ተኩስ ብዙ አየር ይበላል፤ በአንድ ሙሌት የምትተኩሱት ቁጥር በጣም ይቀንሳል። በእጅ ፓምፕ የምትሞሉ ከሆነ ደግሞ ሳሳ ያለው የደጋ አየር በእያንዳንዱ ግፊት የሚገባውን ያሳንሰዋል፤ ቆላ ያለው ወንድማችሁ ከሚገፋው በላይ ትገፋላችሁ። ለስላሳ አድርጋችሁ ካስተካከላችሁት በአንድ ሙሌት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መተኮስ ትችላላችሁ።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ፦ ከበያጅ ቤት የኦክሲጅን ሲሊንደር በጭራሽ አትሙሉ። ኦክሲጅንና ዘይት ከታመቁ ይፈነዳሉ፤ እጅና ፊት ይወስዳል። ደረቅ አየር ብቻ ሙሉ።

እኔ ብገዛ

ለዒላማ ጨዋታ፣ ለግቢ ልምምድ፣ ለጀማሪና ለወጣት የማያወላዳው ምርጫ ለስላሳው ነው። እኔ ከዒላማው ጀርባ የማንጠለጥለው አሮጌ የመንዝ ባና ነው፤ አራት ጊዜ አጥፌ ላላ አድርጌ እሰቅለዋለሁ፣ ከኋላው የአሸዋ ጆንያ አለ። ከፋብሪካው ሞላ የወጣች እርሳስ ባናው ላይ ጠፍጥፋ ትወድቃለች፤ ልጆች ከሥሩ ይለቅሟታል። ከከባዱ ሞላ የወጣችው ባናውን በስታ ጆንያው ውስጥ ገባች። ከዒላማችሁ ጀርባ የጎረቤት አጥር፣ የሰው በር፣ የከብት በረት ካለ ይህ ልዩነት ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል።

ሙሉ ጉልበት የሚገባው ከ30 ሜትር በላይ ለሚተኩስ፣ ከዒላማው ኋላ ገደል ወይም የአፈር ጉብታ ላለው፣ ክንዱም ኪሱም ለሚችል ሰው ነው። ወፍ ለመምታት የሚፈልገው ግን እኔ ዘንድ አይምጣ። አንኮበር ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ ወፍ አለች፤ መንዝ ጓሳ ላይ ሕዝቡ በራሱ ደንብ ለዘመናት የጠበቀው ሜዳና ጭላዳ አለ። ያንን በእርሳስ መበሳት ነውር ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ወረዳችሁ ጸጥታ ጽሕፈት ቤትና ፖሊስ ዘንድ ሄዳችሁ ፈቃዱን ጠይቁ። በዚህ ጊዜ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ትከሻ ላይ አንግቶ መንገድ መውጣት ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ከቤት ሲወጣ በከረጢት ተሸፍኖ፣ እርሳሱ ለብቻ ይያዝ።

በቅርቡ ከሸዋ ሮቢት አንድ ልጅ መጥቶ "ጋሼ፣ ቶርኖ ቤት ወስጄ ከባድ ሞላ ላሠራለት" አለኝ። ፈታሁት። የፒስተኑ ጎሚኒ ተሰንጥቆ ነበር፤ ጉልበቱ ያነሰው አየሩ በዚያ እየሾለከ ነው። አዲስ ጎሚኒ ገጠምኩለት፣ የድሮውን ሞላ አጥቤ ስስ ግራሶ ቀባሁት፣ መልሼ ሰጠሁት። ግቢዬ ውስጥ ሦስት ተኮሰ፤ ሦስቱም እየተነካኩ ገቡ። ሞላውን ሳይቀይር ሄደ።